የኋላ ጎማና የኋላ ወንበር

ጎማው የሚፋጨው በእሷ ክብደት ነው ከተባለ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሌላ ሴት ብትሆን እርግፍ አድርጋ ትተወው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ነገር ከያዘች ያዘች ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ለብሳው የነበረውን ቀሚስ፣ ማን የት ቆሞ እንደሳቀ ሁሉ አንድ በአንድ ታስታውሳለች።

የባሏ የአክስት ልጅ ሠርግ ነበር። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። እጁ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነገር በመቆንጠጫ አንስቶ ቦታው የሚመልስ ሰው። በዚያን ሰሞን አንድ ትልቅ አሮጌ ሞተር ገዝቶ ነበር፤ ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ የንፋስ መከለያ ያለው፣ ግራና ቀኙ ሳጥን የተንጠለጠለበት፣ የኋላ ወንበሩ እንደ ሶፋ የሚመች። የጎን ሳጥኖቹ አይበቁም ብሎ ከወንበሩ ኋላ፣ ከጎማው በላይ እንደ ቆብ በተደፋው ፓራፋንጎ ላይ፣ ዕቃ መጫኛ ብረት በገዛ እጁ አሰረበት። የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደ ሠርጉ ሆነ። እሷ ከኋላ ተቀመጠች፣ ስጦታው ከእሷ ኋላ ታሰረ፣ ወጡ።

መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ከሥሯ “ክርርር” ይላል። መጀመሪያ ቀሚሷ የተያዘ መስሏት ሰበሰበችው። እንደገና “ክርርር”። ሠርጉ ቤት በር ላይ ሲደርሱ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ቀድሟቸው ገባ፤ እንግዳው ሁሉ ዞሮ አየ። ባሏ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ፣ ቀና ብሎ እሷን አየ፣ ከዚያ ሰዉ እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

“ምን ላድርግ፣ የተሠራው ለሁለት ሰው ነው፤ እኔ ሦስት ጫንኩበት!” አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ይሄኔ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ መካኒኩ፣ ከሰው መሀል ብቅ ብሎ ነገሩን ጨረሰው።

“ጋሼ፣ ጭነቷን ቀስ አድርገህ አውርዳት! ወገብህን እንዳትጎዳ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በባሏ ዘመዶች ዘንድ ስሟ “ጭነቷ” ሆኖ ቀረ። ሲጠሯት በፍቅር ነው፤ ሲስቁባትም በፍቅር ነው። እሷም ስቃ ታልፋለች። ሠርጉ ሲያልቅ ግን ሞተሩ ላይ አልወጣችም። በሠርግ ቀሚሷ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ብቻዋን ቤቷ ገባች።

መካኒኩ ነገሩን ሳይሞክር አልቀረም። አንዴ ጎማውን በአዲስ ቀየረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀጠን ባለ ለወጠው። የኋላ ሞላዎቹን እስከ መጨረሻ አጠበቃቸው፤ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ውጭ ገለበጠው። ሰዓት ሠሪው ብቻውን ሲነዳው ምንም የለም፤ እሷ ስትቀመጥ “ክርርር”። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? ፍርዱ ተሰጠ፣ መዝገቡ ተዘጋ።

ከዓመታቱ በአንዱ፣ ማንም ሳያውቅባት፣ ራት መብላት አቆመች። ቀሚሶቿን ሁሉ በጎን በጎናቸው ወደ ውስጥ ሰፋቻቸው። አሥር ኪሎ ስትቀንስ አንድ ቀን ጠዋት፣ “እስቲ እስከ መታጠፊያው አድርሰኝ” አለችው። ተቀመጠች። መታጠፊያው ጋ ያለችው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ “ክርርር” አለ።

“ለምዶበት ነው” አላት ሰዓት ሠሪው፣ ሊያጽናናት ፈልጎ።

ያን ምሽት ሁለት ሰው የሚያጠግብ ራት በላች። ቀሚሶቿንም መልሳ ተረተረቻቸው።

ይህ ሁሉ እንኳ ይቻል ነበር፤ ልጃቸው ሩቅ ባትመደብ ኖሮ።

ልጃቸው ነርስ ናት፤ አንድ ናት። ባለፈው ዓመት ተራራው ጫፍ ላይ ወዳለ ጤና ጣቢያ መደቧት። አውቶቡስ ከተራራው ሥር ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ የሞተር ወይም የእግር ነው። ሰዓት ሠሪው አራት ጊዜ ሄዶ አይቷታል። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሄዳ፣ ከተራራው ሥር ስትደርስ በእግር ለመውጣት ሞክራ፣ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ከመንገድ ተመልሳለች፤ ለልጇ ግን ትንፍሽ አላለችም። ባሏ በተመለሰ ቁጥር ጥያቄ ታዘንብበታለች። አልጋዋ በየት በኩል ነው? በሩ ይቆለፋል? መስኮቱ ምን ያህል ነው? እሱ ደግሞ የሰዓት ሆድ ካልሆነ በቀር ነገር አያስተውልም። መስኮቱን በስንዝር ለክቶ ነገራት፤ ያን ይዛ መጋረጃ ሰፍታ ላከች፤ መጋረጃው ከመስኮቱ ግማሽ ላይ ቀረ። ልጅቷ ፎቶ አንስታ ስትልክላት ልብስ ሰፊዋ ማልቀስ ቃጣት። ሠላሳ ዓመት ስትሰፋ ያጠረ ነገር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ልጅቷ ደወለች። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ከገባ ሦስት ወር መንገዱ ይዘጋል። አባቷ ቅዳሜ ደርሶ ቢመለስ ደስ ይላታል። ከዚያ ቀስ ብላ፣

“እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አትቆጪ” አለች።

“ጠይቂኝ።”

“መምጣት አትፈልጊም አይደል? ቦታውን ጠልተሽው ነው? እኔ አልቀየምም እኮ፤ እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ነው።”

“ጎማው ነው እንጂ ልጄ…”

“እማዬ፣ ጎማው ጎማው እያላችሁ እኮ ዓመት ሞላ።”

ስልኩ ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ሱሪ መኪናው ላይ እንዳለ ትታ ተነሳች። ደግማ ተቀመጠች። ደግማ ተነሳች። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተመላለሰች። ማክሰኞ ዕለት ሁለት መርፌ ሰበረች። አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ደንበኛው ለብሶት እስኪያያት ድረስ አላወቀችም። ያች ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ተራራ ላይ ሆና፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ያጠረ መጋረጃ እያየች “እናቴ አልፈለገችኝም” ስትል ይታያታል።

“ቅዳሜ እኔም እሄዳለሁ” አለች ማታ ለባሏ።

“በምን?”

“በሞተሩ።”

ሰዓት ሠሪው ጎማው ላይ የሚታየውን ጭረት በጣቱ በአየር ላይ ሣለላት። “ተራራ ነው፤ ገደል ነው። ጎማው ተበልቶ መሀል መንገድ ቢፈነዳብንስ? በሠርግ መንገድ መሳቂያ መሆን አንድ ነገር ነው። እኔ ሄጄ የሁለታችንንም ሰላምታ አደርሳለሁ።”

እውነቱን ነው፤ ይሄ ነው የሚያናድደው። እሷ ግን በዚህ የምትተወው ሴት አይደለችም፤ በማግስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ መካኒኩ ጋራዥ ገሰገሰች።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ደጃፉ ላይ መኪና ቀስ እንዲል የተሠራ ጉብታ አለ። መካኒኩ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው። አንድ ሞተር በክሪክ አንስቶ ሥሩ ቁጢጥ ብሏል።

“ኧረ እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?”

“እግሬማ ነው የጣለኝ፤ ጎማችሁ አላስቀምጥ ብሎኝ።”

“እሱ ነገር ገና አልወጣልሽም?” እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ። “እትዬ፣ የሞተ ነገር ይነሳል? እኔ ያላየሁት ቦታ የለም። ሁለት መፍትሔ ነው ያለው። ወይ ጎማው ይቅጠን፣ ወይ…”

“ጨርሰው።”

“ወይ መንገዱ ይስተካከል ልል ነው።”

“አፍህን በድርብ ክር እንዳልጠቅመው!”

መካኒኩ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ወደ ግድግዳው እያየች ነው። እዚያ፣ መካኒኩ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ስለሆነ፣ አሮጌ ጎማዎች በምስማር ተሰቅለዋል።

“ከእነዚያ ውስጥ የወንድምህ አለ?”

“ሦስቱ የጋሼ ናቸው። በየጊዜው የቀየርኳቸው። ለምን?”

“አውርዳቸው።”

አውርዶ መሬት ላይ ደረደረላት። ተንበርክካ በመዳፏ አቧራቸውን ጠረገች። ሦስቱም ላይ፣ ዙሪያቸውን፣ ሁለት ሁለት የቀጠኑ መስመሮች ተቆፍረዋል። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

“ይሄ ምንድነው?”

“ፓራፋንጎው የበላው ነዋ። ክብደት ሲጫነው…”

“ክብደት እንዲህ አይበላም።”

“እትዬ ደግሞ…”

“ዝም በልና ስማኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ጣፌያለሁ። ሰው ሲወፍር ሱሪው የሚያልቀው ጭኑ ጋ ነው፤ የመዳፍ ስፋት ያህል ሳስቶ፣ ጠጉር አውጥቶ ነው የሚመጣልኝ። እንዲህ ያለ መስመር የማየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መርፌ ስፌት ውስጥ ተረስቶ ሲቀር።” ጣቷን መስመሩ ውስጥ አስገብታ አዞረችው። “ይሄ የሆድ ሥራ አይደለም። ይሄ የሾለ ነገር ነው።”

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከመስመር እስከ መስመር ለካች። ዘጠኝ ሳንቲም ተኩል። ሁለተኛውን ለካች፤ ዘጠኝ ተኩል። ሦስተኛው ቀጭኑ ጎማ ነው፤ መስመሮቹ ወደ ጠርዙ ተጠግተዋል፣ ልዩነታቸው ግን ያው ዘጠኝ ተኩል ነው።

“ጎማው ተለወጠ፤ መስመሩ አልተለወጠም” አለች።

መካኒኩ ራሱን አከከ። “እኔ እኮ በእጄ ገብቼ ነው ያየሁት። በክሪክ አነሳዋለሁ፣ ጎማው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ሦስት ጣት ክፍተት ይሆናል፣ ፈትቼ አወጣዋለሁ። ምንም የሚነካ ነገር የለም።”

“ተነስቶ?”

“ታዲያ ሰው ተቀምጦበት ጎማ ይፈታል እንዴ?”

“አንተ ሰው!” ከተንበረከከችበት ብድግ አለች። “መስቀያ ላይ ያለ ኮት ጠቦት ያውቃል? ኮት የሚጠበው ሰው ለብሶት እጁን ሲያነሳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መስቀያ ላይ ነው የለካኸኝ!”

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በራሱ ጣት ዳሰሰው።

“ከላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረትስ አየኸው?”

“እሱንማ ጋሼ ነው ያሰረው። የጋሼን እጅ ደግሞ ልፈትሽ? ሰውየው እኮ የሴት ሰዓት ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ነው!”

ሐሙስ ጠዋት ባሏ ወደ ሱቁ ሲሄድ ጠብቃ የስፌት ቤቱን በር ዘጋች። ሞተሩ ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ እሷ ራሷ የሰፋችለትን ልብስ ለብሶ ቆሟል። ገፈፈችው። በጎን ማቆሚያው ላይ እንዳለ ወደ ግድግዳው አስጠግታ በመሀል የታጠፈ ብርድ ልብስ ሸጎጠች። ከዚያ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖቿን ከቧንቧው እየሞላች ማመላለስ ጀመረች። አንድ ለነጂው ወንበር። ደግሞ አንድ። ሦስት ለኋላው ወንበር፤ በሰፊ ጥብጣብ ከወንበሩ ጋር ጠፍንጋ አሰረቻቸው። የኋላው ወገብ ቀስ እያለ ወረደ። አልበቃ ብሏት ገብታ የልብስ ስፌት መኪናዋን የብረት ራስ ነቅላ፣ እያቃሰተች አምጥታ ከላይ ጫነችው። አሁን ከእሷም ይበልጣል።

በጀርባዋ መሬት ላይ ተኛች። ደንበኞች ጀርባቸውን የሚያዩበትን የእጅ መስታወት ይዛለች፤ የስልኳን መብራት አበራች። መስታወቱን ከጎማውና ከፓራፋንጎው መሀል አስገብታ አጋደለችው።

አራት ናቸው። ከፓራፋንጎው ጣሪያ ወደ ታች፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ፣ እንደ ውሻ ጥርስ ወጥተው ጎማውን ያያሉ። የብሎን ጭራ። ጭቃና ግራሶ ሸፍኗቸዋል፤ ጫፋቸው ብቻ ጎማ ሲልሰው ኖሮ ያበራል። ከጎማው የሚለያቸው ወረቀት የሚያሳልፍ ቦታ ነው። አንዲት ጉድጓድ ብትመጣ ገቡ ማለት ነው። የግራውንና የቀኙን ርቀት ለካች፤ ዘጠኝ ሳንቲም ተኩል።

“ያዝኩህ!” አለች፣ ጮክ ብላ፣ ለማንም ያልሆነ። በአእምሮዋ መካኒኩን አንገቱን ይዛ እያንገላታችው ነው።

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ከላይ ያለውን አየች። እዚያ፣ የዕቃ መጫኛው ብረት ላይ፣ የአራቱ ብሎኖች ራስ ተደርድሯል። ዛሬም ያንጸባርቃሉ። በደንብ የተወለወሉ፣ ጉድፍ የሌለባቸው፣ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው።

ይሄኔ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

መካኒክ እንዲህ አይሠራም። መካኒክ የብሎኑን ራስ ከውስጥ፣ ጭራውን ከውጭ ነው የሚያደርገው፤ ቢያስጠላ ግድ የለውም። ይሄ የሰዓት ሠሪ እጅ ነው። ሰዓት ላይ የብሎን ራስ ጌጥ ነው፤ ከላይ ሆኖ ይታያል፤ ጭራው ከሥር ማንም በማያየው ቦታ ይደበቃል። ያን ከሰዓት በኋላ አስታወሰችው። ብሎኖቹን በመወልወያ ጨርቅ አንድ በአንድ ሲያሻሽ፣ ረዘም ያሉትን መርጦ፣ “እንዳይላቀቅ ነው፣ ያንቺ ሳጥን ነው የሚታሰርበት፣ መንገድ ላይ እንዳይወድቅብሽ” ሲላት። ለእሷ ብሎ ነው የሠራው። ለእሷ ብሎ ሠርቶ፣ በእሷ አሳበበ።

ንዴቷን የምታሳርፍበት አጣች። ግቢውን ዞረች። የታጠበ ልብስ ከገመድ አወረደች፤ ገና እርጥብ ነበር፣ መልሳ ሰቀለችው። መፍቻ ይዛ ወጣች፤ መልሳ አስገባች። ዝም ብላ ገልብጣቸው ብትተወውስ? ማንም አያውቅም፤ ነገሩ ያልቃል። አያልቅም። ስሟ “ጭነቷ” እንደሆነ ይቀራል። ልጇም ያሰበችውን እንዳሰበች ትቀራለች።

ሰዓት ሠሪው ለምሳ ሲመጣ አምስት ጀሪካንና አንድ የስፌት መኪና ሞተሩ ላይ ተሳፍረው ጠበቁት።

“ምንድነው ይሄ?”

“ጭነት።”

“ሴትዮ፣ ሞተሬን ልትሰብሪው ነው? ምን ሆነሻል?”

“ተኛ።”

“የት?”

“እዚህ መሬት ላይ። በጀርባህ።”

“በነጭ ሸሚዜ?”

“የማጥበው እኔ ነኝ፤ ተኛ!”

ፊቷን አየና ተኛ። መስታወቱን ሰጠችው፤ መብራቱን ራሷ ያዘችለት። መስታወቱን አስገብቶ አየ። ከዚያ ከደረት ኪሱ የሥራ መነጽሩን፣ ያቺን አንድ ዓይን ላይ የምትሰካ አጉሊ፣ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ተክሎ ደግሞ አየ። ጣቱን ሰዶ አንዱን ጭራ ነካው።

“ማን አስገባው?” አለችው።

“እኔ።” ድምፁ ከሥር ታፍኖ መጣ። “ግን አንቺ… ማለቴ፣ የኋላው ካልተጫነ አይነካም።”

“ማንም ቢጫን ይነካል። ከእኔ በቀር ማን ተቀምጦበት ያውቃል?”

ሰዓት ሠሪው አጉሊዋን አስተካክሎ ብሎኖቹን ቆጠረ።

“ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን ሌላ ሰው አስቀምጠህ ሞክረህ ታውቃለህ?”

“ብሎኖቹን አላየኋቸውም።”

“እነሱን አላየህም። እኔን ግን አየኸኝ።”

ሰዓት ሠሪው እንደተኛ ቀረ። አጉሊዋ ዓይኑ ላይ እንዳለች፣ ጀርባው ግራሶ ላይ፣ ወደ ላይ እያየ። እንዲነሳ እጇን አልሰጠችውም።

“ወንድምህን ጥራው” አለችው።

መካኒኩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጀሪካኖቹ ወርደዋል። ነገሩን አልነገሩትም፤ ከጋሼ ኋላ ተቀመጥና እስከ ጋራዥህ ደጃፍ ሂዱ አሉት።

“እኔ? ከኋላ? እንደ ሙሽራ?”

“ተቀመጥ፣ አፈር ስሆን” አለች።

ስልሳ ኪሎ የማይሞላው ሰው ረጃጅም እግሮቹን ሰብስቦ ከወንድሙ ኋላ ወጣ። ክብደቱ የእሱ ብቻ እንዲሆን ብላ የዕቃ መጫኛው ላይ ምንም አልጨመረችም። እሷ በእግሯ ቀድማ ሄዳ ጉብታው ጋ ቆመች። ሁለቱ ወንድማማቾች መጡ፤ ጉብታውን ዘለው ሲወርዱ፣

“ክርርር!”

መካኒኩ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ሽታው ወጣ።

“ጋሼ፣ ጭነቱን ቀስ አድርገህ አውርደው!” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። “ወገብህን እንዳትጎዳ!”

ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጠችው ነገር ነው። ከአፏ ሲወጣ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም። መካኒኩ ወርዶ ጎማው ሥር ተደፍቶ እጁን ሰደደ፤ ሲያወጣው ጣቶቹ ላይ የጎማ ፍርፋሪ ነበር። ሰዓት ሠሪው መሪውን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ሁለቱም የተቆጣ መምህር ፊት የቆሙ ልጆች መሰሉ። እሷን ግን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ሊመሽ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

“አጭር ብሎን አለኝ” አለ መካኒኩ እየተጣደፈ። “ራሱ ጠፍጣፋ። አሁን እቀይረዋለሁ እትዬ።”

“እኔም ወልውዬ…” አለ ሰዓት ሠሪው።

“የሚወለወል የለም። እነዚያው ራሳቸው ይገለበጣሉ። የምገለብጣቸው ደግሞ እኔ ነኝ።”

ዓርብ ጠዋት ገለበጠቻቸው። ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አንድ ሰው ከሥር የብሎኑን ራስ መያዝ አለበት፣ ሌላው ከላይ ዳዶውን ማጥበቅ። ሰዓት ሠሪው እንደገና መሬት ተኛ፤ ዛሬ አሮጌ ሹራብ ለብሷል። እሷ ከላይ ሆና መፍቻውን ያዘች። የዘጠኝ ዓመት ዝገት እምቢ አለ፤ ዘይት አጠጣችው፤ አሁንም እምቢ አለ፤ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው፤ ተንጫጭቶ ለቀቀ።

“ክብደቴ ለዚህ ጊዜ ደርሶልናል” አለች።

ከሥር ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ቶሎ ተዋጠ።

ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሰዓት ሠሪው፣ “ከልብ እንዳልነበር ታውቂያለሽ፤ ሰው ሲስቅ ጊዜ ነው” አለ።

“ራሱን ያዝ፤ እየዞረ ነው።”

“ይዣለሁ።”

“ለልጅህ ደውል።”

“ምን ልበላት?”

“ያየኸውን። በመነጽር ያየኸውን።”

አራተኛው ሲጠብቅ ተነስቶ እጁን በጋዝ ታጠበ፤ ወደ ግቢው ጥግ ሄደና ደወለ። ጀርባውን ሰጥቷት ነው የሚያወራው። እሷ መፍቻውን ስትጠርግ ጆሮዋ እዚያው ነው። “አይደለም ልጄ… አይ፣ አልጠላችም… የእኔ ጥፋት ነው። ብሎን ነው። አራት ብሎን። እኔ ነኝ ያሰርኩት…” ከዚያ፣ “አዎ፣ ሁለታችንም።”

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤት ገባች። የመኪናዋን ራስ መልሳ ገጥማ ቁጭ አለች፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነሳ አንድ ሙሉ ሱሪ ሰፍታ ጨረሰች።

ቅዳሜ ማለዳ ሞተሩ ደጃፍ ላይ ቆመ። የአራቱ ብሎኖች ጭራ አሁን ከዕቃ መጫኛው በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥቁር፣ የዛገ፣ ጥርስ የወጣበት። ሰዓት ሠሪው አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ። ቢያንስ ቆብ ነገር ይደረግላቸው ብሎ ነበር፤ እሷ አንድ ቃል ብቻ መለሰችለት። “ይታዩ።”

የጨርቅ ጥቅሏን ከእነሱ አጠገብ አስራ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ወጣች። ወንበሩ እውነትም እንደ ሶፋ ነው፤ ረስታው ነበር። የሞተሩ ወገብ ከሥሯ ዝቅ ሲል ተሰማት።

ጋራዡ ጋ ሲደርሱ መካኒኩ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እጁን አነሳ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ “መልካም መንገድ፣ እትዬ” ብቻ አለ። ጉብታው ከፊታቸው ነው። ሰዓት ሠሪው በልማዱ ወደ ፍሬኑ እጁን ሲሰድ በመዳፏ ትከሻውን መታችው።

“አትቀንስ!”

አልቀነሰም። ወጡ፣ ወረዱ። የኋላው ወገብ እስከ መጨረሻ ተቀመጠና ተመልሶ ተነሳ። ጆሮዋን ወደ ታች አድርጋ ጠበቀች። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

“ደህና ነሽ?” አለ፣ ወደ ኋላ ሊዞር እየሞከረ።

“መንገዱን እይ” አለችው። “ያ መስኮት ሳይመሽ መለካት አለበት።”